ለጀናዛ የደረሰ እጅ ከዚያ በፊት የት ነበር?



ከጥቂት ወራት በፊት ከሰፈራችን አንዲት እናት ወደ አኺራ ሄዱ። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «አላህ ያውቀዋል» ብለው ያልፉት ስለነበር በትክክል የሚያውቀው የለም፤ ልጆቻቸው ግን ሰማንያን አልፈው እንደነበር ይገምታሉ። የሞቱት ከፈጅር በኋላ ነው። ዙህር ሳይደርስ ሁሉም ነገር ተሰናዳ። የእድሩ ድንኳን ቆመ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ከፈኑ መጣ፣ መቃብር የሚያስቆፍሩት ወጣቶች በመኪና ሄዱ፣ አጣቢዎቹ ሴቶች ማንም ሳይልክባቸው በየበኩላቸው ደረሱ። አምስት ነበሩ። ዙህርን ሰግደን ለጀናዛው ሰልፍ ስንይዝ መስጂዱ ሞልቶ የተረፈው ሰው ግቢው ውስጥ ቆሟል። ማሻአላህ የሚያሰኝ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ፣ ያለ አንዳች ትእዛዝ፣ በግማሽ ቀን ውስጥ እንዲህ የሚቀናጅበት ሌላ ጉዳይ አለን ብዬ አላስብም።

ማታ ባለቤቴ ከለቅሶው ቤት ስትመለስ የሰማችውን ነገረችኝ። ከሴቶቹ አንዷ የአስተጣጠቡን ማማር እያነሳች ስታመሰግን፣ እናቲቱን ስታስታምም የኖረችው ልጅ ድንገት ተናገረች አለችኝ፦ «ሲሞቱ አምስት ሆናችሁ አጠባችኋቸው፤ አላህ ይቀበላችሁ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ሳጥባቸው ግን ‹በዚህ በኩል ልያዝልሽ› ብላ እጅጌዋን የሰበሰበች አንዲት ሴት አልመጣችም።» ቤቱ ጸጥ አለ። ሻይ ይዛ የገባችው ልጅ እንኳ በቆመችበት ቀረች።

የሐዘን ንግግር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ብዙዎቹም እንዲሁ አልፈውታል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ምክንያቱም ልጅቷ የተናገረችው ስሞታ ብቻ ሳይሆን የዲን ጥያቄም ነው። የሟችን አካል ማጠብ በእኛ ላይ ግዴታ ነው። እንግዲያውስ በሕይወት ያለውን፣ የሚሰማውን፣ የሚያፍረውን፣ የሚበርደውን አካል ማጠብ የማን ግዴታ ነው?

ዑለማዎቻችን ግዴታን ለሁለት ከፍለው አስተምረውናል። ፈርዱ ዓይን እያንዳንዱ ሰው በግሉ የሚጠየቅበት ነው፤ እንደ አምስት ወቅት ሶላት። ፈርዱ ኪፋያ ደግሞ የተወሰኑ ሰዎች ከተወጡት ከሌላው ላይ የሚነሳ፣ ማንም ካልተወጣው ግን የሚችሉት ሁሉ ወንጀል ውስጥ የሚገቡበት ነው። የዚህ ሁለተኛው ምሳሌ ምንድን ነው ቢባል ከመድረሳ ልጅ ጀምሮ ሁላችንም የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ጀናዛ። ምሳሌው ትክክል ነው። ችግሩ ምሳሌው ራሱን ደንቡን ውጦ ማስቀረቱ ነው። ኢማም አል-ጋዛሊ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት በኢሕያእ ዑሉሚዲን ውስጥ ሕክምናን ከፈርዱ ኪፋያ ቆጥረውታል። በዘመናቸው ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጋፋ ሙስሊም ሐኪም የሌላቸው ከተሞች መኖራቸውንም በምሬት ጽፈዋል። ሰው በሕይወት ሳለ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ፣ የሚያሟላው ከጠፋ፣ የማኅበረሰቡ ዕዳ ነው ማለታቸው ነበር። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ ለፈትዋው ባለቤቶች አሉት። እንደ አንድ ጋዜጠኛ የማየውን ብቻ ልናገር፦ እኛ ዘንድ ፈርዱ ኪፋያ የሚጀምረው እስትንፋስ ሲያቆም ነው።

ለዚህ ቸልታችን የምናቀርበው ምክንያት አለ፤ እሱም «እርጅና መድኃኒት የለውም» የሚለው ነው። አንዳንዱ ይህን ሲል ሐዲስ የጠቀሰ ይመስለዋል። ሐዲሱ በእርግጥ አለ፤ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚይ ዘግበውታል። ነገር ግን አመጣጡ ምን ነበር? የገጠር ዐረቦች ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው እንታከም ወይ ብለው ጠየቁ። መልሳቸው ታከሙ የሚል ነበር፤ አላህ ፈውስ ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ፣ ከእርጅና በስተቀር፣ ነገሯቸው። ሐዲሱ የወረደው ሰዎችን ወደ ሕክምና ለመላክ ነው። እኛ መጨረሻውን ይዘን መጀመሪያውን ጣልነው። በዚያ ላይ ደግሞ እርጅናንና ከእርጅና ጋር የሚመጣውን ድካም አንድ አድርገን አየናቸው።

ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ዛሬ ሕክምናው በግልጽ ያውቃል። ሐኪሞች «ፍሬይልቲ» የሚሉት ነገር አለ፤ በእኛ አነጋገር «ደከሙ»፣ «አቅም አነሳቸው»፣ «ጉልበት ከዳቸው» የምንለው ነው። በሰማንያ ዓመቱ ከመርካቶ እስከ ፒያሳ በእግሩ የሚወጣ ሽማግሌ እናውቃለን፤ በስልሳ አምስት ዓመቷ ከአልጋ ወደ ደጃፍ ለመድረስ ግድግዳ የምትይዝ ሴትም እናውቃለን። ልዩነቱ የዓመት ቁጥር አይደለም። ሊንዳ ፍሪድ የተባሉት አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2001 እ.ኤ.አ. አምስት ምልክቶች አስቀመጡ፦ ሳይፈልጉት መክሳት፣ የማይለቅ ድካም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ እርምጃ መዘግየት፣ እንቅስቃሴ ማነስ። ከእነዚህ ሦስቱ የተገኙበት ሰው ደክሟል ይባላል፤ አንድ ወይም ሁለት ያሉበት ደግሞ በመንገዱ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለሌላው ቀላል የሚሆን ነገር ይጥለዋል። ጉንፋን ያስተኛዋል፣ አንድ አዲስ ኪኒን ያዞረዋል፣ አንድ መውደቅ ዳግመኛ እንዳይነሳ ያደርገዋል። ጣሪያው ያረጀ ቤት ማለት ነው፤ ለሌላው ካፊያ የሆነው ለእሱ ጎርፍ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ድካም ቢያንስ በከፊል ወደ ኋላ የሚመለስ መሆኑ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦስተን ዕድሜያቸው ዘጠና ዓመት አካባቢ የነበሩ፣ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ አሥር አረጋውያን ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ዘጠና ዓመት! በተቃራኒው ደግሞ በ2007 ጤነኛ አረጋውያን አሥር ቀን አልጋ ላይ ብቻ እንዲቆዩ ተደርጎ ሲለካ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀልጦ ተገኘ። እንግዲህ «እማዬ አትነሺ፣ እኛ አለንልሽ፣ አርፈሽ ተኚ» የምንለው የፍቅር ቃል ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡት። ወላጅን ማክበር ማስተኛት መስሎን በእጃችን እናደክማቸዋለን።

ሌላም አለ፤ ለመናገር የሚከብድ ቢሆንም ካልተነገረ መፍትሔ የለውምና ልናገረው። ብዙ አረጋውያን ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል። ለሙስሊም ይህ የጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጠሃራ ጉዳይ ነው። ልብሳቸው እንዳይነጀስ፣ ውዱአቸው እንዳይፈታ ይፈራሉ። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? ውኃ መጠጣት ያቆማሉ። ውኃ ሲቀንስ ድርቀት ይመጣል፣ ሽንት ያቃጥላል፣ ራስ ይዞራል፤ አንዳንዱም ይቃዣል፤ ቤተሰብም «ጃጁ» ይላል። ከዚያ መስጂድ መሄድ ያቆማሉ። ሸሪዓው ግን ለዚህ መልስ ሰጥቶበታል፦ ሽንቱ የማይቆምለት ሰው ወቅቱ ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ከዚያ በኋላ በሚወጣው አይጠየቅም። ስንት ኢማም ይህን በኹጥባ ላይ አንስቶት ያውቃል? ስንቱስ አባት ይህን ሳይሰማ ከቤቱ ጥግ ተቀምጦ ቀረ? አንድ መስአላ በግልጽ መነገሩ አንድን ሽማግሌ ወደ ውኃ ብርጭቆውና ወደ ጀመዓው ሊመልሰው ይችላል።

በእርግጥ ሸሪዓችን ድካምን በደረጃ በደረጃ የሚያይ ነው። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ያልሆነለት በጎኑ ተኝቶ ይስገድ ተብሏል። መጾም ያቃተው ሽማግሌ ሚስኪን ያበላል። ሰውን የሚያሰግድ ኢማም ከኋላው ደካማ፣ ሕመምተኛና አረጋዊ አለና እንዲያቀል ታዟል። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደካማውን ከሰልፉ ይውጣ አላሉም፤ ሰልፉ በደካማው ልክ ይሁን አሉ። አሁን ወደ መስጂዶቻችን ተመልከቱ። ስንቱ መስጂድ ነው መያዣ የሌለው ደረጃ ያለው? የውዱእ ቦታው ንጣፍ እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ ቧንቧው ዝቅ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ጉልበት የሌለው ሰው ቢቀመጥ አይነሳም። ሚናራውን ለማስረዘም ገንዘብ ሲሰበሰብ አይቻለሁ፤ ለብረት መያዣ ሲሰበሰብ ግን አላየሁም። የፊተኛው ሰልፍ ላይ ለሠላሳ ዓመት የቆመ ሽማግሌ አንድ ቀን ይጠፋል፤ እኛ «ምን ነካቸው?» ብለን የምንጠይቀው ለጀናዛቸው ስንጠራ ነው።

ቤት ውስጥስ ተንከባካቢው ማን ነው? «ልጆቻቸው» እንላለን። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ልጆቻቸው ሳይሆኑ አንዷ ልጃቸው ናት። ያላገባችው፣ ወይም የተፋታችው፣ ወይም ምራቲቱ፣ ወይም ከገጠር የመጣች የአሥራ ስድስት ዓመት ሠራተኛ። ወንዶቹ ብር እንሰጣለን፤ ጁሙዓ ጁሙዓ መጥተን ጉልበት ስመን፣ ዱዓ ተቀብለን እንሄዳለን። ዱዓው የሚደርሰው ለማን እንደሆነ አላህ ያውቃል። ወላጅን የማገልገል ግዴታ በወንድም በሴትም ልጅ ላይ እኩል የወረደ ሆኖ ሳለ በውርስ ጊዜ ድርሻን ጠንቅቆ የሚያውቅ ወንድም በማገላበጥ ጊዜ ድርሻውን ሲረሳ ማየት ያሳፍራል። (ይህን ስጽፍ ራሴንም እየቆጠርኩ ነው።)

በሱረቱል ቀሶስ የተጠቀሱትን ሁለት ሴቶች አስታውሱ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) የመድየን ውኃ ዘንድ ሲደርሱ እረኞች ሲያጠጡ፣ ሁለት ሴቶች ግን ከብቶቻቸውን እየመለሱ ገለል ብለው ቆመው አገኙ። ሙሳ አላለፏቸውም፤ ምን ሆናችሁ ነው ብለው ጠየቁ። ሴቶቹም አባታቸው በጣም ያረጁ ሽማግሌ መሆናቸውን ነገሯቸው። ያ ሁሉ እረኛ በየቀኑ ያያቸው ነበር። የጠየቀው ግን ከሩቅ የመጣው፣ የደከመው፣ የተራበው መንገደኛ ነው። ከጠየቀም በኋላ አጠጣላቸው። እኛ ይህን ታሪክ የምናነሳው ስለ ሙሳ ጋብቻ ስናወራ ነው። ሽማግሌ አባት ያለባቸው ሴቶች ልጆች ገለል ብለው ተራ የሚጠብቁበት ታሪክም ነው።

የእኛ ዘመን ነገሩን የበለጠ አወሳስቦታል። ከወሎም፣ ከጅማም፣ ከአርሲም የሄደች ልጅ ሪያድ ወይም ጅዳ ውስጥ የሰው እናት ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ በተሽከርካሪ ወንበር ትገፋለች። የራሷ እናት ደግሞ አገር ቤት በምትልከው ብር በተቀጠረች ሌላ ልጅ እጅ ናት፤ የዚያች ልጅ እናትስ? ይህን ሰንሰለት ተከትሎ መጨረሻውን ያገኘ ሰው ይንገረኝ። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻና በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከተመለሱት ሴቶች ውስጥ ለዓመታት የተኛ ሰው ሲንከባከቡ የኖሩ ብዙ ነበሩ። ቁስል እንዳይወጣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን፣ ሰውን ከአልጋ ወደ ወንበር ሳይጥሉ ማሸጋገርን ያውቃሉ። በአየር ማረፊያ ብርድ ልብስ ሰጠናቸው፤ ምን እንደሚያውቁ ግን አልጠየቅናቸውም። ዛሬም ይህ እውቀት በየሰፈሩ ያለ ጥቅም ተቀምጧል።

ስለ ሕክምና ቤቶቻችን አንድ ነገር ልጨምር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ለፈጅር ሲነሱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ወደቁ። ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። አጥንቱን ያየ ሐኪም አጥንቱ ደኅና ነው ብሎ ወደ ልብ ክፍል መራን፤ ከልብ ክፍል ወደ ስኳር፣ ከስኳር ወደ ዓይን። ሦስት ቀን ተመላለስን። በየክፍሉ መድኃኒት ታዘዘ፤ «ለምን ወደቁ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ፌስታሉን ተቀብላ መድኃኒቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደፋችው። ዘጠኝ ዓይነት ነበር። ሁለቱ ስማቸው ይለያይ እንጂ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ሁለቱም የደም ግፊት ያወርዳሉ። አጎቴ ከአልጋ ሲነሱ የሚጥላቸው እሱ ነበር። አንዱን አስቆመች፣ ከመነሳታቸው በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ እንዲቀመጡ መከረች፣ የዓይናቸውን ሞራ እንዲያስነሱ ቀጠሮ አስያዘች። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። አላህ ጀዛዋን ይክፈላት። ያቺ ሐኪም ያደረገችው የግል ደግነት ነበር፤ በሌላ አገር ግን አሠራር ነው።

ይህ አሠራር የተጀመረበት ታሪክ ለእኛ ትምህርት አለው። በ1935 እ.ኤ.አ. ማርጆሪ ዋረን የተባሉ እንግሊዛዊት ሐኪም በለንደን ዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል የድሆች መጠለያ የነበረ ክፍል ተረከቡ። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ አረጋውያን የሆኑ፣ «የማይድኑ» ተብለው ለዓመታት የተኙ ሰዎች ነበሩ። እያንዳንዱን መረመሩ። ብዙዎቹ መነሳት የሚችሉ ሆነው ተገኙ፤ ብዙዎቹም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም፣ ነርስ፣ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ በአንድነት ተቀምጠው ሽማግሌውን በሙሉ የሚያዩበት አሠራር ተስፋፋ። መድኃኒቱን፣ ዓይኑን፣ ጥርሱን፣ ምግቡን፣ ደረጃውን፣ ማን አብሮት እንደሚኖር ሁሉ ያያሉ። በ2017 ከ13 ሺህ በላይ ሕመምተኞችን ያካተቱ 29 ጥናቶች በአንድ ላይ ሲመረመሩ፣ ሆስፒታል ገብተው በዚህ አኳኋን የታዩ አረጋውያን ከወራት በኋላ በሕይወትም በቤታቸውም የመገኘት ዕድላቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እንግሊዝ በዚያው ዓመት የየአካባቢው ሐኪም ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሕመምተኞቹ መካከል የደከሙትን ለይቶ እንዲያውቅ፣ በብርቱ የደከሙትን ደግሞ በየዓመቱ መድኃኒታቸውን እንዲያይና ወድቀው እንደሆነ እንዲጠይቅ ግዴታ አድርጋለች። ፍጹም ናቸው ማለቴ አይደለም። በዚያው አገር ሕክምናው በነፃ ሲሆን ማጠቡና ማልበሱ ግን በሰውየው ሀብት ልክ ይከፈልበታል፤ በሁለቱ መካከል የሚወድቀው ብዙ ነው።

እኛስ? ከሕዝባችን ከመቶው አምስት ያህሉ ከስልሳ ዓመት በላይ ነው፤ ቁጥሩ ሲታሰብ በሚሊዮኖች ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን አሰልጥኖ በየደጃፉ ልኳል፤ እናቶችንና ሕፃናትን ከሞት በማትረፍ ያደረገው ነገር የሚካድ አይደለም። ግን ትኩረቱ እናትና ሕፃን ነበር። ያቺው ሠራተኛ የሕፃኑን ክትባት ልትጠይቅ ስትገባ ጥግ ላይ የተቀመጡትን አያት ሰላም ብላ ትወጣለች። «ባለፈው ዓመት ወድቀዋል?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመርላት ስንት ዋጋ ይጠይቃል? ጡረታውም እንዲሁ የተቀጣሪ ነው። መርካቶ በረንዳ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ጡረታው ልጁ ነው፤ ልጅ ከሌለውም ጎረቤቱ።

ይህን ስናገር የሚቃወሙኝ አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር የምዕራባውያን ነው፤ እነሱ ወላጆቻቸውን ለድርጅት ስለሚጥሉ ነው፤ እኛ ቤተሰብ አለን» ይላሉ። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባውም። በሱረቱል ኢስራእ አላህ (ሱ.ወ.) ስለ ወላጆች ሲያዝ ከሁለቱ አንዳቸው ወይም ሁለቱም «አንተ ዘንድ» ሳሉ ስለሚያረጁበት ሁኔታ ነው የሚናገረው። አንተ ዘንድ የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ እኔም ወላጅን ወደ መጦሪያ ማስገባት ነውር ነው ብዬ የጻፍኩበት ጊዜ ነበር። ዛሬ እንደዚያ በድፍረት አልጽፍም። እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከልጁ አጠገብ፣ ጀርባቸው ቆስሎ የሞቱ አባት አውቃለሁ። «ዘንድ» መሆን ግድግዳ መጋራት ብቻ ከሆነ እኒያ አባት ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። ልጅ የሌላቸውስ? ልጆቻቸው በስደት፣ በጦርነት ያለቁባቸውስ? በአዲስ አበባ መቄዶንያ የሚባለው ማዕከል ከጎዳና የወደቁ አረጋውያንን ሃይማኖት ሳይለይ አንስቶ ሲያጥብና ሲያጎርስ ስናይ «እኛ ቤተሰብ አለን» የሚለው መልሳችን ምን ያህል ይቆማል?

ደግሞስ ይህ ነገር ከእኛ ታሪክ የወጣ ነው ወይ? ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) በደጅ የሚለምን ዓይነ ስውር ሽማግሌ አገኙ። ሰውየው አይሁዳዊ ነበር። ለምን እንደሚለምን ጠይቀው እርጅናና ጂዝያ መሆኑን ሲሰሙ ወደ ቤታቸው ወስደው ካላቸው ሰጡት። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ሰደቃ ብቻ በሆነ ነበር። ዑመር ግን ወደ በይተል ማል ኃላፊው ልከው ይህን ሰውና መሰሎቹን ከግብሩ ነፃ አድርገው ድጎማ ቆረጡላቸው፤ በወጣትነቱ ከሱ ወስደን በእርጅናው ብንጥለው ፍትሕ አላደረግንም የሚል ነበር አስተሳሰባቸው። በቤታቸው ያደረጉት ነገር ወደ አሠራር ተለወጠ። ሱልጣን ቀላዉን በ1284 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ላሠራው ትልቅ ሆስፒታልም ወቅፍ የተደረገለት ሱቅና ቤት ነበረው፤ ገቢው ለሕሙማኑ ምግብና መድኃኒት ይውል ነበር። ወቅፍ ማለት ለእኛ መስጂድና መቃብር ብቻ ሆኖ የቀረው መቼ ነው?

የምንጠይቀው ከአቅማችን በላይ አይደለም። እድሩ አለን፤ በየወሩ የሚዋጣ ገንዘብ፣ ስም ዝርዝር፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ ሁሉ አለው። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ሰው ከመሞቱ በፊት ለተሽከርካሪ ወንበር፣ ለአዋቂ ዳይፐር፣ ለአንድ ነርስ የቤት ለቤት ጉብኝት እንዳይውል የሚከለክል ሸሪዓ አላየሁም፤ መተዳደሪያ ደንቡ ከከለከለም ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን። ችግረኛ ለሆኑት ዘካ አለ። ከተመላሾቹ እህቶች ጥቂቶቹን ደመወዝ ቆርጦ በሰፈር ማሰማራት ይቻላል። ደመወዝ የምለው ሆን ብዬ ነው፤ ሴቶች ሲሠሩት «ለአጅር» ብሎ ነፃ ማድረግ የለመድነው ነገር ይበቃናል።

ከለቅሶው ሦስት ሳምንት በኋላ ባለቤቴና ከአጣቢዎቹ ሁለቱ ወደዚያች ልጅ ቤት ሄዱ። ይቅርታ ጠየቋት። ከዚያም በሰፈሩ አልጋ ላይ የቀሩ አራት እናቶች እንዳሉ፣ እሷ በሦስት ዓመት የተማረችውን እንድታሳያቸው፣ ተራ ገብተው ሊያግዙ እንዳሰቡ ነገሯት። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማቻቸው። አጠባውን እንደምታሳይ፣ ቁስል እንዳይወጣ እንዴት እንደምታገላብጥም እንደምታስተምራቸው ተስማማች። «ግን ይህን ከመጀመራችሁ በፊት» አለች እጇን ወደ ጀርባዋ እየላከች፣ «ለእኔ ወገብ ሐኪም ፈልጉልኝ።»